ስለ ማቅረብና ስለ መጠበቅ

ሰው ብቻውን የሚኖር ፍጥረት አይደለም። ስለዚህ በልቡ ያሰበውን ለሌላው ሳያካፍል ሊፈጽመው የሚችለው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። መንገድ ለመጥረግ ቢሆን፣ ዕድር ለማቋቋም ቢሆን፣ ትዳር ለመያዝ ቢሆን፣ ሕግ ለማውጣት ቢሆን አስቀድሞ አንድ ሰው ያስባል፤ ያሰበውንም ለሌሎች ያቀርባል። ሐሳብ ማቅረብ ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ የማኅበራዊ ኑሮ በር ነው። በዚህ በር ሁላችንም እንገባለን፤ አገባባችን ግን አንድ አይደለም። አንዱ አንኳክቶ «ይግቡ» እስኪሉት ድረስ ይቆማል፤ ሌላው በሩን ገፍቶ ይገባና የቤቱ ባለቤት ስለ ምን እንደ ተቈጣ ይገርመዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ ማቅረብን የሚያመለክቱት ቃላት ከየት እንደ መጡና ለእኛም ምን ምክር እንደ ያዙ ነው።

ወጣቶች ሆይ፤ «ፕሮፖዛል» የሚለው የእንግሊዝ ቃል ዛሬ ለጆሯችሁ እንግዳ አይደለም። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ተማሪ የመመረቂያ ጥናቱን ከመጀመሩ በፊት «ፕሮፖዛል አስገባሁ» ይላል። ለአንድ መልካም ሥራ ገንዘብ የሚፈልግ ማኅበርም ሐሳቡን ጽፎ ለለጋሾች ሲሰጥ «ፕሮፖዛል ጻፍን» ይላል። ደግሞም በከተማ ቀለበት ይዞ በወዳጁ ፊት የሚንበረከከውን ጐልማሳ ሰዎች አይተው «ፕሮፖዝ አደረገላት» ይሉታል። እንግዲህ አንድ ቃል ለጥናትም፣ ለገንዘብም፣ ለጋብቻም ይሠራል ማለት ነው። ብዙዎች ይህን ቃል በየቀኑ ይናገሩታል፤ ነገር ግን በውስጡ ምን እንዳለ የሚመረምሩት ጥቂቶች ናቸው።

እንግሊዞች ይህን ቃል የወሰዱት ከፈረንሳዮች ሲሆን፣ ዘመኑም በአውሮጳ አቈጣጠር 14ኛው ምዕተ ዓመት ነው። ቃሉ ሁለት ክፍል አለው። «ፕሮ» ማለት «ወደ ፊት» ማለት ነው፤ «ፖዜ» የሚለው የፈረንሳይ ግሥ ደግሞ «ማስቀመጥ» ማለት ነው። ስለዚህ ፕሮፖዝ ማድረግ ማለት አንድን ነገር ወደ ፊት አምጥቶ በሌላው ዐይን ፊት ማስቀመጥ ነው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው። «ፖዜ» የሚለውን ግሥ ወደ ኋላ ብንከተለው ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። ይህ ግሥ የመጣው በመጨረሻው የላቲን ዘመን «ማረፍ፣ መቆም» የሚል ትርጉም ከነበረው «ፓውዛሬ» ከተባለው ቃል ነው፤ እርሱም የተወለደው ከግሪኩ «ፓውሲስ» ነው። ኋላ ግን «ፖኔሬ» ከሚባለውና «ማኖር» ከሚል ትርጉም ካለው ከሌላው የላቲን ግሥ ጋራ ስለ ተቀላቀለ፣ ማረፍ የነበረው ማስቀመጥ ሆነ። እንግሊዞች ለጥቂት ጊዜ ዝም ማለትን «ፖዝ» የሚሉትም ከዚሁ ከግሪኩ ሥር በመጣ ቃል ነው።

ይህ መቀላቀል በሊቃውንት ምክር የተደረገ አይደለም፤ በአንደበት ልማድ የሆነ ነው። ቢሆንም የሚያስተምረን አለ። ያቀረብከውን ነገር በሌላው ፊት ካስቀመጥክ በኋላ እጅህን አንሥተህ ማረፍ አለብህ። እጁን ከነገሩ ላይ ያላነሣ ሰው አቀረበ አይባልም፤ ጫነ ይባላል እንጂ። ቃሉ የጋብቻን ጥያቄ መግለጽ የጀመረው ግን ቈይቶ፣ በአውሮጳ አቈጣጠር በ18ኛው ምዕተ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት በጉባኤና በመጻሕፍት የሚነገር የምክር ቃል ነበረ።

እንግሊዞች ለዚሁ ጉዳይ የሚጠቀሙበት ሌላም ቃል አላቸው፤ እርሱም «ሰጀስት» ነው። ይህ ከላቲን «ሱጌሬሬ» የመጣ ሲሆን፣ «ሱብ» ከሥር፣ «ጌሬሬ» ደግሞ መሸከም ማለት ነው። ትርጉሙ አንድን ነገር ከሥር አንሥቶ ማምጣት፣ በግልጽ ሳይናገሩ ወደ ልብ ማድረስ ነው። የሚያስደንቀው ግን ከዚህ ግሥ የተወለደው ስም በ14ኛው ምዕተ ዓመት ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ የመጀመሪያ ትርጉሙ «ወደ ክፉ መገፋፋት» የሚል መሆኑ ነው። በሥውር የሚቀርብ ሐሳብ ሰሚውን ሳያውቀው ሊያስተው እንደሚችል የጥንት ሰዎች ተረድተውት ነበረ። በጎ ትርጉሙ ከዚያ በኋላ ተስፋፋ።

የጎጃም ሰው ይህን ከሥር የሚመጣ ነገር ለመረዳት ወደ ሮማ መሄድ አያሻውም፤ የቅኔው ሰምና ወርቅ ይበቃዋል። ሰሙ በላይ ይታያል፤ ወርቁ ከሥር ይሸሸጋል፤ የሚፈልገውም ሰው ቆፍሮ ያወጣዋል። ዋሸራና ጎንጅ ለቅኔ ስልት ስማቸውን ያወረሱ የጎጃም ቦታዎች ናቸው፤ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስም በቅኔ መምህሮቻቸው የታወቁ ናቸው። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው ከሰው ርቆ ሲያስብ ይውልና ያሰበውን ወደ መምህሩ ይዞ ይመጣል። ማሰቡ «መቍጠር» ይባላል፤ ለመምህሩ ማቅረቡም «ነገራ» ይባላል። ተማሪው ከተናገረ በኋላ ዝም ይላል። መምህሩ ምሥጢሩ ቢጎድል፣ ሰዋስዉ ቢፋለስ፣ ልኩ ቢያንስ ያርሙታል፤ ተማሪውም ተመልሶ እንደገና ይቈጥራል። ቅኔው ተመለሰበት ተብሎ መምህሩን የሚጣላ ተማሪ ቅኔን አይማርም። እንዲህ ያለው ትምህርት ቃላትን ብቻ ሳይሆን የማቅረብን ሥርዓት ጭምር ያስተምራል።

አሁን የራሳችንን ቃላት እንመልከት። «ሐሳብ» የተገኘው ከግእዙ «ሐሰበ» ነው፤ «ሒሳብ» ከተባለው ጋራም አንድ ሥር አላቸው። ሐሰበ ማለት ዐሰበ ብቻ ሳይሆን ቈጠረም ማለት ነው። እንግዲህ ሐሳብ ያለው ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ የቈጠረ፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን የመዘነ ሰው ሊሆን ይገባዋል። የቅኔ ተማሪ ማሰቡን መቍጠር ማለቱ ከዚህ ጋራ ይስማማል። ወደ አፉ የመጣውን ሁሉ «ሐሳብ አለኝ» እያለ የሚያፈስ ሰው የቃሉን ክብር ይቀንሳል።

«አቀረበ» የሚለውን ደግሞ ብንመረምር ሥሩ «ቀረበ» ነው፤ ትርጉሙም አጠገብ እንዲሆን አደረገ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር «ቁርባን» የሚለው ታላቅ ቃል ወጥቷል፤ ቁርባን በጥንት ትርጉሙ የቀረበ ስጦታ ነው። አያቶቻችን ከጋብቻ ዐይነቶች ሁሉ ጽኑውንና የማይፈታውን «በቁርባን» ብለው መጥራታቸውን ስናስብ፣ ማቅረብ የሚለው ቃል የጋብቻን መጀመሪያና ፍጻሜ እንደ ያዘ እናያለን። የሚጀመረው ጥያቄ በማቅረብ ነው፤ የሚታተመው በቁርባን ነው።

ሦስተኛው ቃላችን «አጨ» ነው። ይህ ከግእዙ «ሐፀየ» የመጣ ነው። ከእርሱም «እጮኛ» ወጣ፤ «እጩ»ም ወጣ። ለጋብቻ የታሰበችው እጮኛ ትባላለች፤ ለምርጫ የቀረበው ሰው እጩ ተወዳዳሪ ይባላል፤ በጦር ትምህርት ቤት የሚማረውም እጩ መኰንን ይባላል። ፈረንጆች በአንዱ ቃላቸው ጋብቻንና ጉባኤን እንዳገናኙ ሁሉ፣ እኛም ከእነርሱ ሳንማር በአንዱ ሥር ሁለቱን አገናኝተናል። ምክንያቱም የታጨው ሁሉ ገና ያልተፈጸመ ነው። እጩ ገና አልተሾመም፤ እጮኛም ገና አላገባችም። ቃሉ «ታስቧል፤ ነገር ግን መልስ ይጠበቃል» ይላል።

በጎጃም ደጋ የጋብቻ ጥያቄ የሚቀርበው በሽማግሌ ነው። የልጁ አባት የተከበሩ ሰዎችን መርጦ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ወደ ልጅቱ ቤት ሄደው ይቆማሉ እንጂ ዘለው አይቀመጡም። ከሰላምታ በኋላ የመጡበትን ሲጠየቁ «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል» ይላሉ። ምንም እንኳ ነገሩ ለአባትዮው ደስ ቢለው፣ በዚያው ቀን «እሺ» ማለት እንደ ቅለት ይቈጠራል። ስለዚህ «ከዘመድ እንምከርበት፤ እንዲህ ባለ ቀን ተመለሱ» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። ሽማግሌዎቹም አይቈጡም፤ በቀጠሮው ቀን ይመለሳሉ። አንዳንድ ጊዜም ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋገማል።

ይህን ልማድ አንዳንድ ወጣቶች ጊዜ ማባከን ነው ይሉታል። ነገር ግን ቀጠሮው ከንቱ አይደለም። በዚያ መካከል ዝምድና ይቈጠራል፤ ጠባይና ጤና ይጠየቃል፤ ያስቀየመ ነገር ቢኖር ይወራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እምቢ ለማለት የፈለገ ሰው ጠያቂውን ሳያዋርድ እምቢ የሚልበትን ጊዜ ያገኛል። ጠያቂው ራሱ ሳይሆን ሽማግሌ የሚላከውም ስለዚህ ነው። በሽማግሌ የመጣ እምቢታ ሰውየውን ፊት ለፊት አይመታውም፤ ነገ በገበያ ሲገናኙም ሰላምታ አያጓድሉም። የፈረንጁ ቃል በሥሩ የሸሸገውን ዕረፍት የጎጃም ሽማግሌ በቀጠሮ ሲሠራበት ኖሯል።

ይሁን እንጂ ልማዳችንን ስናመሰግን ጉድለቱን መሸፈን አይገባንም። ይህ ሁሉ ክብርና ቀጠሮ ለማን ነበረ? ለአባት፣ ለአያት፣ ለአጎት ነበረ። ዘመድ ሁሉ ይማከር ነበረ፤ የምትዳረዋ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ አትጠየቅም ነበረ። ብዙዎቹ ሴቶች ልጆች ሳሉ ይታጩ፣ ክፉና ደጉን ሳይለዩ ይዳሩ ነበረ። ሽማግሌዎቹ በደጅ ቆመው መልስ ሲጠብቁ፣ እርሷ በጓዳ ሆና ስለ ራሷ የሚነገረውን ትሰማለች፤ ወይም አትሰማም። መልሱ የእርሷ ሕይወት ሆኖ ሳለ የተሰጣት ቀጠሮ የለም።

ከዚሁ አገር የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን በጥልቅ አይተውታል። እርሳቸው በ1902 ዓ.ም በደብረ ማርቆስ አውራጃ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፣ በጎጃም ጉባኤ ቤቶች ቅኔ ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው ልብ ወለዳቸው፣ ፊታውራሪ መሸሻ የልጃቸውን የሰብለ ወንጌልን እጅ የሚጠይቀውን ሁሉ በአጥንት ቈጠራ ይመልሱታል። ጠያቂዎች በየጊዜው ይመጣሉ፤ መልስ ሰጪው ግን ሁልጊዜ የአባት ኩራት ነው፤ የልጅቱ ልብ አይደለም። እርሷም መምህሯን በዛብህን ስትወድ፣ ያ ፍቅር በግልጽ ሊቀርብ የሚችልበት በር ስላልነበረ ፍጻሜው በመጽሐፉ ስም ላይ የተጻፈው ሆነ። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ የሚያዝነው ለሁለቱ ፍቅረኞች ነው፤ ነገር ግን ለአባትየውም ማዘን ይገባዋል፤ ልጃቸውን አንድ ጊዜ እንኳ ቢጠይቋት ኖሮ ቤታቸው ባልፈረሰም ነበር።

ሕጋችንም ይህን ጉድለት ቀስ በቀስ አይቶታል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መተጫጨትን በሁለት ቤተ ዘመዶች መካከል እንደሚደረግ ውል አድርጎ ጻፈው፤ የጋብቻንም ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት አደረገ። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ደነገገ። በ1992 ዓ.ም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሁለቱንም ዕድሜ 18 ዓመት አደረገ፤ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም በ1995 ዓ.ም ይህንኑ ተከተለ። እንግዲህ ጥያቄው ከዘመድ ወደ ባለ ጉዳዩ እስኪደርስ ድረስ ሕጉ ራሱ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል።

ሕግ መጻፉ ብቻውን ግን ልማድን አይለውጥም። በ1990ዎቹ ማብቂያ በአማራ ክልል ሞሰቦ በተባለች የገጠር ቀበሌ «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ሥራ ተጀምሮ ነበረ። ልጃገረዶች በቡድን እየተሰበሰቡ ይማሩና ይመካከሩ ነበረ፤ ወላጆችና ጎረቤቶችም ስለ ጋብቻ ዕድሜ በግልጽ እንዲነጋገሩ ተደረገ፤ ልጃቸውን ሳይድሩ ለቈዩ ቤተሰቦች ደግሞ በመጨረሻ በግ ይሰጥ ነበረ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲመዘን፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጃገረዶች መካከል ያገቡት ይህ ሥራ ካልደረሰበት ሌላ ቀበሌ ይልቅ እጅግ ያነሱ ሆነው ተገኙ። ወላጅ ልጁን ስለማይወድ አልነበረም የሚድራት፤ ድህነትና ልማድ ይዘውት ነበረ። ቁጭ ብሎ ለመነጋገር ጊዜ ሲያገኝ ብዙው ወላጅ ሐሳቡን ለወጠ።

ይህ ነገር በጋብቻ ብቻ አይወሰንም፤ በመንግሥትና በሕዝብ መካከልም እንዲሁ ነው። በ1960 ዓ.ም የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዐዋጅ ወጣ። ሐሳቡ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ባለ ብዙ ገቢው ብዙ፣ ባለ ጥቂቱ ጥቂት እንዲከፍል የሚል ነበረ። የጎጃም ገበሬ ግን መሬቱንና ምርቱን የሚገምቱ ሰዎች ሲመጡበት ርስቴን ሊወስዱብኝ ነው ብሎ ሠጋ። ነገሩን አስረድቶ ሥጋቱን የሚያቃልልለት፣ መልሱንም በትዕግሥት የሚሰማለት አላገኘም። ስለዚህ በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞትና በሌላውም ስፍራ ገማቾቹን አላስገባም አለ። ጦር መጣ፤ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻም የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ተነሡ፤ የቈየውም ውዝፍ ግብር ተሰረዘ። በመጀመሪያ ጥቂት ወራት ለመነጋገር ቢሰጡ ኖሮ፣ ያ ሁሉ ጥፋት ይቀር ነበረ ብሎ ማሰብ ከእውነት የራቀ አይሆንም። ለበጎ የታሰበ ነገር በክፉ አቀራረብ ምክንያት ተጠላ።

«ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ተረታችን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እምቢተኛውን ለመውቀስ ነው። ልብ ብለን ካየነው ግን ለመካሪውም ልክ ያበጅለታል። መካሪው ሊያደርግ የሚገባው መምከር ነው፤ ደግሞም መምከር ነው። ከዚያ ያለፈውን ለዘመን ይተወዋል እንጂ ራሱ በትር ይዞ መከራ አይሆንም። መካሪ ራሱ መከራ ከሆነ ምክሩ አለቀ።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፤ ነገ በዕድር፣ በትምህርት ቤት፣ በመሥሪያ ቤት፣ በትዳርም ሐሳብ የምታቀርቡ እናንተ ናችሁ። ከማቅረባችሁ በፊት ቍጠሩ፤ ሐሳብና ሒሳብ ወንድማማቾች ናቸውና። ስታቀርቡ በግልጽ አቅርቡ፤ ከሥር የሚሾልክ ነገር በቅኔ ያምራል እንጂ በውል አያምርም። ካቀረባችሁ በኋላ እጃችሁን አንሡ፤ ለሰሚውም ቀጠሮ ስጡት። ከዚህ ሁሉ ጋራ ደግሞ የምትጠይቁት ሰው በእውነት ባለ ጉዳዩ መሆኑን አረጋግጡ። አባቷን ጠይቆ እርሷን ያልጠየቀ፣ አለቃውን ጠይቆ ሠራተኛውን ያልጠየቀ፣ ሹሙን ጠይቆ ገበሬውን ያልጠየቀ ሰው ገና አልጠየቀም።

እናንተም ስትጠየቁ «እሺ» ወይም «እምቢ» ለማለት አትቸኩሉ፤ አትፍሩም። «ላስብበት» ማለት ነውር አይደለም፤ ከአባቶቻችን የወረስነው ጨዋ መልስ ነው። በተለይ እናንተ እኅቶቻችን፤ ይህ ቀጠሮ ዛሬ ለእናንተም በሕግ የተሰጠ ስለሆነ ተጠቀሙበት። ቸኩሎ እሺ ከሚያሰኝ ሰው ይልቅ እስኪመለስለት የሚታገሥ ሰው ለትዳርም ለሥራም ይሻላል።